ሚሊያሩ የምን ነው?

"ሦስት ሚሊያር ድርሃም" አሉ ከተራራው የተመረጡት ተቃዋሚ የምክር ቤት አባል ሲ ሐዱ፣ ወረቀቱን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው። "ለተራራው መንገድ የተመደበ ሦስት ሚሊያር ድርሃም። የት ገባ?"

ኢቶ የሻይ ብርጭቆዋን ሳትቀምሰው መልሳ አስቀመጠች። እሷና አለቃዋ ሲ ቡሽታ ("ሲ" በዚያ አገር "አቶ" እንደማለት ነው) የምክር ቤቱን ስብሰባ የሚከታተሉት በሁለተኛው ፎቅ ጥግ ካለችው ክፍላቸው ሆነው በቴሌቪዥን ነው። ክፍሏ የበጀት ትንተና ክፍል ተብላ ከመሰየሟ በፊት የተበላሹ ማይክሮፎኖች የሚጣሉባት ዕቃ ቤት ነበረች፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ከቁም ሳጥኑ ሥር ሽቦ ይወጣል። ሲ ሐዱ ከፍ አድርገው የያዙት ወረቀት ደግሞ የኢቶ ሥራ ነው። እያንዳንዱን መስመር ታውቀዋለች። ከሦስቱ ሚሊያር አጠገብ "ድርሃም" የሚል ቃል እንዳልጻፈች ታውቃለች።

"ምን አሉ?" አለች፣ ጆሮዋ እንዲዋሻት እየለመነች።

ሲ ቡሽታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሒሳብ ሲመረምሩ የኖሩ፣ ጡረታ ደጃቸው የደረሰ ሰው ናቸው። ሲናደዱ የሚቀንሱት ድምፅ ነው፤ የራሳቸውንም የሌላውንም።

"ድርሃም ነው ያሉት። በደንብ ሰምተሻል።"

በዚያ አገር ገንዘብ ሁለት ዓይነት አቆጣጠር አለው። መንግሥት በድርሃም ይቆጥራል። ገበያው፣ ቤት ሻጩ፣ በግ ነጋዴውና የሙሽራ አባት ግን እስከ ዛሬ በፍራንክ ይቆጥራሉ። ፍራንኩ ከሰው ኪስ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ከሰው አፍ ግን አልወጣም። መቶ ፍራንክ አንድ ድርሃም ነው። እናም አንዱ ገበሬ "ላሜን በሁለት ሚሊዮን ሸጥኩ" ቢል ሃያ ሺህ ድርሃም ማለቱ ነው፤ የሚደነግጥ የለም። "አንድ ሚሊያር" ካለም አሥር ሚሊዮን ድርሃም ማለቱ ነው። በበጀት አዋጁ ላይ ግን አንድ ሚሊያር ማለት አንድ ሺህ ሚሊዮን ድርሃም ነው። ቃሉ ያው፣ ልዩነቱ መቶ እጥፍ።

የኢቶ ጥናት የሚያወራው ስለ ሠላሳ ሚሊዮን ድርሃም ነበር። ውስጡ ባሉት ገጾችና ሰንጠረዦች ሁሉ እንዲያ ተብሎ ተጽፏል። ችግሩ ያለው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ያንን ገጽ ከሲ ቡሽታ ጋር ተከራክራ ያስገባችው እሷ ነበረች። ከሰንጠረዡ ሁሉ ፊት አንድ ገጽ ይኑር፣ ካፌ የተቀመጠ ሰው አንብቦ የሚረዳው፣ በሰዉ ቋንቋና በሰዉ አቆጣጠር ይሁን ብላ። አባቷ እንደሚናገሩት አድርጋ "ሦስት ሚሊያር" ብላ ጻፈች። የምን ሚሊያር እንደሆነ ግን አልጻፈችም፣ ምክንያቱም ለእሷ ጥያቄ አልነበረም። ሲ ሐዱም ቢሆኑ ያው የተራራ ልጅ ናቸው፤ በገበያ ቀን ቢጠየቁ አይሳሳቱም። ዛሬ ግን ከረባት አስረው፣ ካሜራ ፊት ቆመው ነበርና ቃሉም አብሯቸው ከረባት አሰረ።

ሚኒስትሩ መልስ ለመስጠት ተነሡ። የሚያነቡት ወረቀት ነበራቸው፤ አላነበቡትም። ከኋላቸው የተቀመጠ ሰው ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገራቸውና ፈገግ አሉ። የተከበሩት አባል ላነሡት ጥያቄ ነገ ጠዋት በኮሚቴው ፊት፣ በአኃዝ፣ ዝርዝር መልስ እሰጣለሁ ብለው ተቀመጡ።

"ፈገግታውን አየሽው?" አሉ ሲ ቡሽታ።

"አየሁት።"

"ነቅተዋል።"

ነገ የሚሆነው ለሁለቱም ግልጽ ነበር። ሚኒስትሩ ሲ ሐዱን መቶ እጥፍ ያጋነኑ ቀባጣሪ ያደርጓቸዋል፣ አዳራሹ ይስቃል፣ ሳቁም ሠላሳ ሚሊዮኑን ይዞት ይሄዳል። ያ ገንዘብ ለተራራው የክረምት መንገድ ተብሎ ተመድቦ፣ ሳይሠራበት ወደ ቀጣዩ ዓመት የተሸጋገረ፣ በየዓመቱም "አዲስ በጀት ያዝንላችሁ" ተብሎ እንደገና የተነገረ ገንዘብ ነው። አንድን በግ በየዒዱ ለእንግዳ እያሳዩ አለማረድ ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተዋለም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የተነገረው አንድ ገንዘብ መሆኑን የሦስት ዓመት በጀቶችን ጎን ለጎን ዘርግታ ያገኘችው ኢቶ ናት፤ ባገኘችው ቀን ከደስታዋ ብዛት ምሳ መብላት ረስታለች። አሁን ያ ሁሉ ሥራ፣ ከተቋቋመች ገና አራት ወር የሆናት ክፍልም ጭምር፣ በአንድ ቃል ሊጠፋ ነው።

"ለሲ ሐዱ ልንገራቸው" አለች ኢቶ።

"በሩን አንብቢ።"

በሩ ላይ በሲ ቡሽታ የእጅ ጽሕፈት "ለሁሉም፣ በአንድ ጊዜ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የክፍሉ ሕግ ይኸው ነው። ጥናት ሲወጣ ለመንግሥት ደጋፊውም ለተቃዋሚውም ለጋዜጠኛውም እኩል ይደርሳል፤ ማንም ቀድሞ አያይም።

"ነገ ያዋርዷቸዋል፣ ሲ ቡሽታ።"

"ጠርተን ካስጠነቀቅናቸው የእሳቸው ሠራተኞች ሆንን ማለት ነው። የትኛውም አባል መጥቶ ከጠየቀን ግን እንመልሳለን፤ መልሱም ነገ ከምናወጣው ማረሚያ ጋር ለሁሉም ይወጣል። ያልጠየቀንን አንጠራም።"

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነበሩ። በተራራ መንደራቸው በአይት ወርግ ኔትወርክ የሚገኘው ከንብ ቀፎዎቻቸው በላይ ባለችው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሲደውሉ ነፋሱም አብሯቸው ያወራል።

"ሰማነው" አሉ። "መንደሩ በሙሉ ካፌ ውስጥ ነበር። ሐዱ የያዘው ያንቺን ወረቀት ነው አይደል? የኢቶ ወረቀት ነው ብዬ ለሁሉም ነግሬያለሁ።"

"የምክር ቤቱ ወረቀት ነው፣ አባባ።"

"እሺ፣ የምክር ቤቱ ይሁን። የጻፍሽው ግን አንቺ ነሽ።"

ኢቶ ሳቅም እንባም መጣባት። የአባቷ ግራ ዓይን ሞራ ከለበሰ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለቀዶ ሕክምና ኸኒፍራ ከተማ ቀን ተቆርጦላቸው በረዶው መንገዱን ዘጋ፤ እንደገና ተቆረጠ፣ እንደገና ዘጋ። አሁን በደህናው ዓይናቸው ብቻ ነው ንቦቹን የሚጠብቁት። ስለ ስሕተቱ ልትነግራቸው አፏ ላይ ደረሰ፤ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየ። ለሚኒስትር ቀድሞ የማይነገር ለአባትም አይነገርም። ብርድ ነው፣ ግቡ አለቻቸው። እሳቸውም ሳይገቡ፣ በሐዱ መኪና ማር እንደላኩላት ነግረዋት ስልኩን ዘጉ።

ብዙም ሳይቆይ የጠረጴዛው ስልክ ጠራና ሲ ቡሽታ አነሡት። ደዋዩ ከሚኒስትሩ ቢሮ ነበር፣ ድምፁ ቅቤ የተቀባ ሰው። ክፍሉ የሚሠራውን ጥሩ ሥራ በጣም እንደሚያደንቁ ተናገረ። አንድ አባል አኃዝ ፈጥረው ሕዝብ ማነሣሣታቸውን ክፍሉ በጽሑፍ ቢያረጋግጥ መልካም እንደሚሆን፣ የክፍሉም የሠራተኛ ቁጥር ለመጪው ዓመት ሲታይ ይህ እንደማይረሳ ጨመረ። ሲ ቡሽታ እስኪጨርስ ጠበቁት። ማረሚያ ካለን ለእናንተም ለሌላውም በአንድ ጊዜ ይደርሳል ብለው ስልኩን አስቀመጡ።

"ወደውናል" አሉ ወደ ኢቶ ዞረው። "የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።"

አመሻሹ ላይ በኮሪደሩ ሞቅ ያለ ጫጫታ ተሰማ። ሲ ሐዱ ሰው ሁሉ እጃቸውን እየጨበጠ አላሳልፍ ብሏቸው ነው። ቡናማ ጀላቢያቸውን ከሱፉ በላይ ደርበው፣ ፊታቸው በርቶ ገቡ። ሾፌራቸው ሚሉድ በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ የማር ማሰሮ ታቅፎ ተከተላቸው።

"ይቺን ልጅ ላመሰግን ነው የመጣሁት" አሉ ለሲ ቡሽታ። "ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ መንገዱ ስናገር ቀልድ ነበር የሚመስላቸው። ዛሬ ግን አኃዝ ይዤ ቆምኩ። አኃዝ ይዞ መቆም እንዴት ያለ ነገር ነው?"

ሲ ቡሽታ ወንበር ሰጧቸው። ኢቶ አለቃዋን አየች። አለቃዋ ጣራውን አዩ።

"ሲ ሐዱ፣ አንድ ነገር ይጠይቁኝ" አለች።

"ምን ልጠይቅሽ?"

"ሚሊያሩ የምን እንደሆነ።"

ሲ ሐዱ ሳቁ። "የምን ሊሆን ነው? የድር..." አሉና አቋረጡ። የልጅቷን ፊት አዩት። ቀጥሎም ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡት፤ ሲያነቡት ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

"ይጠይቁኝ" አለች ኢቶ እንደገና፣ አሁን ቀስ ብላ።

"የምን ነው?"

"የፍራንክ።"

ሚሉድ ማሰሮውን እንደታቀፈ በሩ ጋ ቀረ። ሲ ሐዱ ወረቀቱን አጥፈው፣ መልሰው ዘርግተው፣ እንደገና አጠፉት።

"ሠላሳ ሚሊዮን ድርሃም" አሉ በመጨረሻ። "መቶ እጥፍ አድርጌ ተናገርኩ።"

"አዎ። ነገ ጠዋት ማረሚያ እናወጣለን።"

"ለምን?" አሉ ሲ ሐዱ፣ ድምፃቸው ጠነከረ። "አገሩ በሙሉ ሰምቶታል። ተራራው ሰው ሳይሞትበት ቴሌቪዥን ላይ ሲጠራ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ማረሚያ ስታወጪ ሰዉ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ገዟቸው ነው የሚለው። አንቺ የአይት ወርግ ልጅ አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ። መንገዱ ሲዘጋ ዓይናቸው የሚጠፋው የኔ አባት ናቸው።" አለች ኢቶ። "ሠላሳ ሚሊዮኑ እውነት ነው፣ ሲ ሐዱ። ማንንም ለማሳፈር ይበቃል። መቶ እጥፍ ካደረግነው ግን ነገ የሚወራው ስለ እጥፉ ነው። ሠላሳው ተረስቶ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንደ አዲስ ያበስሩናል።"

"ይህን ሚሊያር ያለ አባት የለቀቅሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ። ማረሚያውም እንደዚያው ይላል።"

ሲ ሐዱ ተነሡ። የሚሉት ነገር ያላቸው መስለው ነበር፤ ነገር ግን ደህና እደሩ እንኳ ሳይሉ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው "ጀግና" ሲላቸው አልመለሱለትም። ሚሉድ የሚሆነው ጠፍቶት ማሰሮውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠና እየሮጠ ተከተላቸው።

ሲ ቡሽታ ማረሚያውን ራሳቸው ጀመሩት። "አንድ የተከበሩ አባል ጥናቱን በተሳሳተ መንገድ በመረዳታቸው" የሚል ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ኢቶ ከትከሻቸው በላይ ሆና አነበበችውና እንደማይሆን ተናገረች። ሰውዬው ያነበቡት የተጻፈውን ነው፤ ጉድለቱ የሚጀምረው ከጻፈው ነው አለች። ሲ ቡሽታ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

"እኔ ባደግኩበት መሥሪያ ቤት ተሳስተናል የሚል ወረቀት ወጥቶ አያውቅም" አሉ። "ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜም ያልተሳሳትን ሰዎች ነበርን። አንድም ሰው አላመነንም።" ጥቂት አሰቡና ወንበራቸውን ለቀቁላት። "ነይ፣ አንቺ ጻፊው።"

ኢቶ ጻፈችው። በመጀመሪያው ገጻችን ላይ ሦስት ሚሊያር ብለን የምን እንደሆነ ሳንገልጽ ቀርተናል፤ ስሕተቱ የእኛ ነው። ሦስት ሚሊያር ፍራንክ፣ ማለትም ሠላሳ ሚሊዮን ድርሃም ነው። ይህ ገንዘብ ሥራ ላይ ሳይውል ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ መነገሩን የሚያሳየው ግኝታችን ግን አይለወጥም። ማረሚያው ከመውጣቱ በፊት የትንተና ክፍሉን የጠየቁ አንድ አባል ይህንኑ መልስ አግኝተዋል። ሲ ቡሽታ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አንድ ኮማ ብቻ ጨመሩ። ከዚያ የመጀመሪያው ገጽ ለወደፊቱ ቢቀር ይሻላል፣ የገበያ ቋንቋ ይኸው ጉድ አመጣብን አሉ። ኢቶ ኮቷን ለበሰች። ማሩን ግን አልነካችም።

ማረሚያው በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሲጀመር ለሁሉም በአንድ ጊዜ ወጣ። ኢቶ ከምትኖርበት ከሳሌ ከተማ ወንዙን በሚሻገረው ትራም ላይ ቆማ ስልኳን ስታይ ስድቡ ቀድሟት ነበር። ስንት ከፈሏችሁ የሚለው ብዙ ነው። አንዱ "ወርቅ የተከፈለበት ማረሚያ" ብሎ አሹፏል። አንዲት ሴት ግን "ሠላሳም ይሁን ሦስት፣ መንገዱ የታለ?" ብላ ጽፋ ነበር፣ ከሥሯም ሌሎች ያንኑ ጥያቄ መደጋገም ጀምረዋል። ኢቶ ያንን ካነበበች በኋላ ከትራሙ ወርዳ አንድ ሣህን የባቄላ ሾርባ በወይራ ዘይት ጠጣች።

የኮሚቴው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሚኒስትሩ ወፍራም ፋይል ይዘው ተቀምጠዋል። ኢቶና ሲ ቡሽታ ለባለሙያዎች በተተወው የኋላ ረድፍ ቦታ ያዙ። ሲ ሐዱ ዘግይተው ገቡ፤ ዓይናቸው የቀላ ነው፣ ወደ ኋላው ረድፍ አልተመለከቱም። ሰብሳቢው ለሚኒስትሩ ዕድል ሊሰጡ ሲሉ ሲ ሐዱ እጃቸውን አወጡ።

"ከመልሱ በፊት የራሴን ስሕተት ላርም" አሉ።

በዚያ ቤት ሰው ሌላውን ሲያርም እንጂ ራሱን ሲያርም የማየት ልማድ የለም።

"እኔ የገበያ ልጅ ነኝ። ስቆጥር በፍራንክ ነው። ትናንት በፍራንክ የተቆጠረውን በድርሃም ተናገርኩ። ትክክለኛው ሠላሳ ሚሊዮን ድርሃም ነው። ቃሉን ሳያብራራ የጻፈው ክፍል ስሕተቱ የኔ ነው ብሏል፤ አንብቤዋለሁ፤ የእሱ ብቻ አይደለም፣ የኔም ነው።" መነጽራቸውን አውልቀው ሚኒስትሩን አዩ። "እንግዲህ እኔ ይህን ገንዘብ መቶ እጥፍ አድርጌዋለሁ። እርስዎ ደግሞ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ አብስረውናል። የኔን አርሜያለሁ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው።"

አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ብዙ ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ሚኒስትሩ የጠበቁት ሳቅ አልነበረም። ፋይላቸውን ከፈቱ፣ አንድ ገጽ ገለበጡ፣ ሌላ ገለበጡ። ያዘጋጁት መልስ በሙሉ ስለ ዜሮዎች ነበር። ከመንግሥት ደጋፊዎች ወገን የሆኑ፣ ከባሕር ዳርቻ የተመረጡ አንዲት አባል ጥናቱን ገልጠው፣ እኔም አንብቤዋለሁ፣ አንድ ገንዘብ ሦስት ጊዜ መነገሩ ስሕተት ከሆነ ይታረም፣ ካልሆነም ይነገረን አሉ። ሚኒስትሩ ብዙ ተናገሩ። ስለ ጨረታ፣ ስለ ተቋራጭ፣ ስለ አየር ንብረት። በመጨረሻም ገንዘቡ አንድ መሆኑን፣ ሥራ ላይም አለመዋሉን አመኑ፤ ሥራው የሚጀመርበትን ቀን በጽሑፍ አቀርባለሁ፣ ጽሑፉም ለሕዝብ ይወጣል አሉ። ሰብሳቢው በቃለ ጉባኤ ይያዝ አሉ።

ኢቶ ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት። መንገዱ ገና አልተሠራም፤ ነገም በረዶ ይጥላል። ነገር ግን አንድ ክፍል፣ አንድ ተቃዋሚ፣ አንዲት ደጋፊና አንድ ሚኒስትር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ አንድ ቁጥር፣ ያውም እውነተኛ ስለሆነ ቁጥር ሲነጋገሩ ሰምታለች። ያንን ቁጥር ከሰንጠረዥ ውስጥ ፈልቅቃ ያወጣችው እሷ ናት። ኩራት ተሰማት፤ አልደበቀችውም። ሲ ቡሽታ በክርናቸው ነካ አደረጓት።

"የመጀመሪያው ገጽ ይቆይ" አሉ፣ ወደ ፊት እያዩ። "ካፌ ያለው ሰው ባያነበው ኖሮ ማን ይጠይቀን ነበር?"

ወጥተው ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ሲ ቡሽታ የማረሚያውን አንድ ቅጂ ወስደው በሩ ላይ፣ ከሕጋቸው ሥር ለጠፉት። ማስተካከሉ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሽቅብ አዩት፣ ቁልቁል አዩት። ኢቶ አልሳቀችባቸውም። ሲ ሐዱን በደረጃው ላይ አግኝታቸው ነበር፤ ቆም ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለፉ።

ከዚያ አባቷ ደወሉ። ነፋሱ ዛሬም አለ።

"ካፌው ውስጥ ያኮረፉ ነበሩ" አሉ። "ገንዘቡ አነሰ ብለው። እኔ ግን አልተቀየምኩም። ትናንት ሐዱ ሲናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሚኒስትሩ አዎ፣ ገንዘቡ አለ ሲል ግን... ኢቶ፣ በሕይወቴ አዎ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ካሜራው ወደ ኋላ ሲዞርም አይቼሻለሁ። በደህናው ዓይኔ። ፀጉርሽን ብታበጥሪ ጥሩ ነበር።"

ኢቶ ሳቀች፤ እያሳቁ አስለቀሷት።

"ማሩን ቀመስሽው?"

"ገና ነው፣ አባባ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ።"

ማሰሮው ትናንት በተቀመጠበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነው። ከራሷ አባት ቀፎ የወጣ ማር ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ማር። የመጣው ግን በአንድ የምክር ቤት አባል መኪና ነው፤ የዚያን አባል ጥያቄ ደግሞ ክፍሉ ገና ብዙ ጊዜ ይመልሳል። ቦርሳዋን አንሥታ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረደች። ሚሉድ መስታወት እየወለወለ ነበር።

"ላላ ኢቶ፣ ማሰሮው ተሰበረ እንዴ?" አላት፣ እንደ "እመቤት" ያለውን የአክብሮት መጠሪያ አስቀድሞ።

"ደህና ነው። ከኸኒፍራ እስከዚህ ታክሲ ዕቃ ቢያመጣ ስንት ያስከፍላል?"

"ምን ማለትሽ ነው? የአባትሽ ማር ነው እኮ።"

"አባቴ ማር ነው የላኩልኝ፤ መኪና አልላኩልኝም።"

ሚሉድ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። ስሚ፣ ይሄማ ነውር ነው፣ ሲ ሐዱ ቢሰሙ ይቀየሙኛል አላት። ኢቶ ቦርሳዋን ከፍታ ጠበቀች። ሚሉድ አያት፣ ወደ ሁለተኛው ፎቅ መስኮት አየ፣ ተመልሶ አያት፤ እንደማትሄድ ገባው።

"አሥራ ሁለት ሺህ" አለ በመጨረሻ።

ኢቶ ገንዘቡን አላወጣችም።

"የምን?" አለች።

ሚሉድ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "የፍራንክ፣ ላላ ኢቶ። የፍራንክ።"

መቶ ሃያ ድርሃም ቆጥራ ሰጠችውና ማሩን ለመክፈት ወደ ላይ ወጣች።